አስተማሪዎቼ «ጥናት» ስላቸው ይሸሹኛል

«እንደምን ሰነበቱ? ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ፤ እስከ ዛሬ ግን ጽፌልዎት አላውቅም። ለጎልማሳ ስደተኞች እንግሊዝኛ የሚያስተምር አንድ ማዕከል ውስጥ አስተባባሪ ነኝ። ስምንት አስተማሪዎች አሉኝ። አንዳንዶቹ ከእኔ በፊት የገቡ፣ ሥራቸውን እንደ እጃቸው መዳፍ የሚያውቁ ናቸው። ከሁለት ወር በፊት ስብሰባ ላይ ‹ለምን እያንዳንዳችን በክፍላችን ላይ አንድ ትንሽ ጥናት አንሠራም?› አልኩ። አለቃዬ ሐሳቡን በጣም ወደዱት። ማስታወቂያ ለጠፍኩ፣ ኢሜይል ላክሁ፣ ስለ ጥናት ዘዴ የሚያስረዳ ባለ 30 ገጽ ጽሑፍም አባዝቼ አደልኩ። አንድም ሰው አልተመዘገበም። በዕድሜ ጠና ያሉት አስተማሪ ‹እኔ ላስተምር፤ ጥናቱን ለዶክተሮቹ ተይላቸው› አሉኝ። ሌላዋ ‹የምከፈለው በሰዓት ነው፤ ይሄን በየትኛው ሰዓት ልሠራው ነው?› አለች። የሚገርመኝ ግን እነዚሁ ሰዎች በእረፍት ሰዓት ሻይ ይዘው ሲቀመጡ ስለ ተማሪዎቻቸው አውርተው አይጠግቡም። ባለፈው ሳምንት የጀማሪዎቹ አስተማሪ ‹አንዲት የኋላ ወንበር ላይ የምትቀመጥ ሴትዮ አለች። ሌሎቹ መጻፍ እስኪጀምሩ ድረስ እስክሪብቶዋን አታነሳም። ለምን እንደሆነ አልገባኝም› ስትል ነበር። ለወሬ ጊዜ አላቸው፣ ለጥናት የላቸውም። ስንፍና ነው? ወይስ ያጠፋሁት እኔ ነኝ? እንዴት ላበረታታቸው?

ማስታወቂያዋ ግድግዳ ላይ የቀረባት አስተባባሪ»

እህቴ፣

አንቺ ብልሽ ቅር አይበልሽ። እኔም ብዙ ዓመት ጎልማሶችን እንግሊዝኛ አስተምሬያለሁና የአንድ ቤት ሰዎች ነን።

ከመጨረሻዎቹ ጥያቄዎችሽ ልጀምር። ስንፍና አይደለም። ጥፋቱ በከፊል ያንቺ ነው፤ ግን የሚስተካከል ነው።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በሁለተኛው ያስቆመኝ የማስታወቂያው ነገር አይደለም፣ የኋላ ወንበሯ ሴትዮ ናት። አንቺ «ወሬ» ብለሽ አለፍሻት። እስኪ መለስ ብለሽ እያት። አስተማሪዋ «አትጽፍም» አላለችም። «ሌሎቹ እስኪጀምሩ አታነሳም» ነው ያለችው። ይሄ ዓይን ያለው ሰው አነጋገር ነው። ቀጥላ ደግሞ «ለምን እንደሆነ አልገባኝም» ብላለች። ሃያ ተማሪ ፊት በየቀኑ የሚቆም ሰው እንዲህ ለማለት ድፍረት ይፈልጋል። ማስታወቂያሽ ላይ የጠበቅሽው ጥናት ሻይ ቤት ውስጥ ተጀምሮ ነበር፤ አንቺ በሌላ በር ቆመሽ ስለጠበቅሽው አላየሽውም።

«ጥናትና ምርምር» የሚለው ነገር በእኛ ጆሮ ከባድ ነው። ስንሰማው ጥራዝ ይታየናል። ጠንካራ ሽፋን፣ በወርቅ ቀለም የተጻፈ ስም፣ ሦስት ፈታኝ፣ ብዙ ላብ። ብዙዎቻችን ለመመረቂያ አንድ ጽፈን ከዚያ ወዲህ ገልጠነው አናውቅም። ባለ 30 ገጹ ጽሑፍሽ ያንን ላብ ነው ያስታወሳቸው። እኔ ብሆን ያንን ጽሑፍ ሰብስቤ መሳቢያ ውስጥ እከተው ነበር። ማስታወቂያውንም አወርደዋለሁ።

አንቺ የምትፈልጊው ዓይነት ስም አለው፤ «ተግባራዊ ምርምር» ይሉታል፣ ብዙዎች ደግሞ «አክሽን ሪሰርች» ብለው ነው የሚያውቁት። ስሙን በ1946 በጻፈው ጽሑፍ ያስተዋወቀው የሥነ ልቦና ሊቁ ኩርት ሌዊን ነው። (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ሌዊን ይሁዲ ነበር፤ በ1933 ናዚዎችን ሸሽቶ ከጀርመን አሜሪካ ሲገባ አርባ ዓመት አልፎታል። ማለትም አስተማሪዎችሽ ክፍል ውስጥ እንደሚቀመጡት ሰዎች ጎልማሳ ስደተኛ ነበር። ይሄን ለአስተማሪዎቹ ንገሪያቸው፤ ከ30 ገጽ ይበልጣል። ሐሳቡ ራሱ በጣቶችሽ የሚቆጠር ነው። አቅጂ፣ አድርጊው፣ ምን እንደተፈጠረ እይ፣ አሰላስዪ፣ እንደገና አቅጂ። ጥሩ አስተማሪ ግማሹን ሳያውቀው ይሠራዋል። የሚቀረው ያየውን መጻፍና የገዛ ግምቱን መጠራጠር ነው። የሚከብደው ሁለተኛው ነው።

አሁን ወደ «ለዶክተሮቹ ተይላቸው» ልምጣ። አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ እሳቸው ተሳስተዋል። የተሳሳቱበት ምክንያት ግን ለማወቅ የሚያስደስት ነው።

ስለ ሁለተኛ ቋንቋ አለማመድ የተጻፈው አብዛኛው ጥናት የተሠራው ማንበብና መጻፍ በሚችሉ ሰዎች ላይ ነው። ብዙዎቹ እንዲያውም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው፤ ለተመራማሪው ቅርብ ናቸዋ! በ36 ዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እስክሪብቶ የያዘ ሰው እዚያ ውስጥ የለም ማለት ይቀላል። ተመራማሪዎቹም ይሄን ያውቁታል። በ2005 ኔዘርላንድስ፣ ቲልበርግ ከተማ ውስጥ የተወሰኑት ተሰብስበው በትንሽ ትምህርት ሁለተኛ ቋንቋ ስለሚማሩ ጎልማሶች ብቻ የሚነጋገር መድረክ የጀመሩት ለዚህ ነው። ክፍተቱ ግን ሰፊ ነው። ስምንቱ አስተማሪዎችሽ ተመራማሪው የማያገኛቸውን ሰዎች በሳምንት ብዙ ሰዓት ያገኟቸዋል።

ዶክተሮቹ ሲያገኟቸውም ሁልጊዜ በትክክል አያነቧቸውም። የቋንቋ ትምህርት የተማረ ሁሉ አልቤርቶን ያውቀዋል። የቋንቋ ተመራማሪው ጆን ሹማን በ1970ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ለአስር ወር የተከታተለው የ33 ዓመት የኮስታሪካ ሰው ነው። በአስሩ ወር እንግሊዝኛው እምብዛም አልተራመደም። ሹማን ምክንያቱን ከእንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ ጋር ባለው ማኅበራዊና ሥነ ልቦናዊ ርቀት ነው ብሎ አስረዳ። ከማስረጃዎቹ አንዱ አልቤርቶ እንግሊዝኛ ትምህርት ቤት ከመግባት ቀን ሠርቶ ማታም መሥራትን መምረጡ ነው። መምረጡ! እኔ ይሄን ባነበብኩ ቁጥር የማታ ተማሪዎቼ ፊት ይመጣብኛል። የቤት ኪራይ፣ ወደ ቤተሰብ የሚላክ ገንዘብ፣ ፈረቃ። ስደተኞችን የሚያስተምር ሰው ያንን ጥናት ቢሠራው ኖሮ «መረጠ» ከማለቱ በፊት ደሞዙን ይጠይቀው ነበር ብዬ አስባለሁ። ጠና ላሉት አስተማሪ ይሄን ታሪክ ንገሪያቸውና ምን እንደሚሉሽ አድምጪ። ዝም የሚሉ አይመስለኝም።

አንድ ልጨምር፣ ለኋላ ወንበሯ ሴትዮም የሚሆን ነው። በ1979 ተመራማሪው ዦዜ ሞራይሽና ባልደረቦቹ ፖርቱጋል ውስጥ ማንበብ ተምረው የማያውቁ ጎልማሶችን አንድ ነገር ጠየቁ። ከቃሉ መጀመሪያ አንድ ድምፅ አንሡ፣ ወይም አንድ ድምፅ ጨምሩ። አብዛኛውን ጊዜ አቃታቸው። እንደነሱው ሆነው ኋላ በጎልማሳነታቸው ማንበብ የተማሩት ግን በእጅጉ ተሻሉ። ስለዚህ ቃልን ወደ ነጠላ ድምፆች መበጠስ ከፊደል ጋር የሚመጣ ችሎታ ነው። ጀማሪ ክፍል ገብተን «ይሄ ቃል በምን ድምፅ ይጀምራል?» ስንል፣ ፊደል ላልቆጠረ ሰው መልሱን ቀርቶ ጥያቄውን ራሱ ገና አላስተማርነውም። እኔ ይሄን ያወቅሁት አስተምሬ አስተምሬ በኋላ ነው። ስንቱን ሰው «አይገባውም» ብዬ ይሆን?

እንግዲህ ሴትዮዋ ለምንድነው እስክሪብቶዋን የማታነሳው? እዚሁ ሆኜ ልገምት። ሰሌዳው ከኋላ አይነበባት ይሆናል፤ መነጽር የላትም። ትእዛዙ አይገባት ይሆናል፤ የሰው እጅ አይታ ነው ምን እንደተባለ የምታውቀው። ጽሕፈት ራሱ አዲስ ይሆንባታል። ወይም በሌላ ፊደል አሳምራ የምትጽፍ ናት፤ ፊደሉ ከቀኝ ወደ ግራ የሚሄድ ከሆነ መስመሩ ከየት እንደሚጀመር እያረጋገጠች ነው። ቀኑን ሙሉ ስትሠራ ውላ እጇን ያማት ይሆናል። ስህተቷ እንዳይታይባት ፈርታም ይሆናል። የእያንዳንዱ መድኃኒት ለየብቻ ነው። ዓይኗ ለደከመ ሴት ሰዋስው ቢደገምላት ምን ይጠቅማታል? «ዓይን አፋር ናት» ብላ ብታልፋት ኖሮ ግን ነገሩ እዚያው ላይ ያበቃ ነበር።

አስተማሪዋን ይህን ያህል ብቻ ጠይቂያት። ለአንድ ሳምንት ምንም ሳትቀይር ትያት። ከክፍል በኋላ አምስት መስመር ትጻፍ፤ ያየችውን እንጂ የመሰላትን አይደለም። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ነገር ትቀይር። ወንበሯን ወደ ፊት ታምጣላት፣ ወይም ትእዛዙን በሥዕል ታሳይ፣ ወይም የመጀመሪያው ቃል የተጻፈበት ወረቀት ትስጣት። ከነዚህ አንዱን ብቻ። ሦስቱንም ባንዴ ካደረገችው የትኛው እንደሠራ አታውቅም። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ካንቺ ጋር ቁጭ ብላ ማስታወሻዋን ታንብብልሽ። በቃ፣ ጥናት ነው። «ጥናት ነው» ብለሽ የምትነግሪያትም ያን ጊዜ ነው፤ ቀድመሽ አይደለም።

አማርኛ የምትችል አስተማሪ ካለችሽ ደግሞ የምቀናባት ጥያቄ አላት። በእኛ ፊደል ሳድሱ አንዳንዴ ይነበባል፣ አንዳንዴ ይዋጣል፤ አንባቢው በልምድ ነው የሚለየው። በዚህ ፊደል ማንበብ የለመደ ጎልማሳ፣ ተደራርበው የሚመጡ የእንግሊዝኛ ተነባቢዎችን ሲያነብ በመካከላቸው ትንሽ አናባቢ ያስገባል? ሲያነብ ብቻ ነው ወይስ ሲናገርም? የዚያው ቋንቋ ተናጋሪ ሆኖ ፊደል ያልቆጠረውስ? ሁለት ተማሪ፣ አስር ቃል፣ አንድ ከሰዓት። መልሱን እኔም ማወቅ እፈልጋለሁ።

በመካከሉ የራሴን ውድቀት ልንገርሽ፤ አስተማሪዎችሽ እንዳይደግሙት። የመጀመሪያ «ጥናቴን» የሠራሁት በመጠይቅ ነበር። አስራ አምስት ጥያቄ፣ በቀላል እንግሊዝኛ፣ ከፊት ለፊቱ የሚስቁና የሚያለቅሱ ፊቶች ያሉበት። ትምህርቱ እንዴት ነው? አስተማሪዋ እንዴት ናት? ሁሉም የሚስቀውን ፊት አከበቡ። በአስራ አምስቱም ጥያቄ! አንድ ሰውዬ ዕድሜውን ለሚጠይቀው ቦታም የሚስቅ ፊት ሥሎበታል። ሰው የሚያከብራትን አስተማሪውን ፊት ለፊት «መጥፎ ነሽ» አይልም። ባይገባውም አያሳፍራትም። ያንን ወረቀት ይዤ ስብሰባ ላይ «100 በመቶ ረክተዋል» ብዬ ማለቴ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

በሁለተኛው ሙከራ ተማሪዎቹን ተውኩና ራሴን ቀዳሁ። ሃያ ደቂቃ፣ የራሴ ድምፅ። ጥያቄ ጠይቄ መልስ የምጠብቅ ይመስለኝ ነበር። ሰዓት ይዤ ስሰማው ግን አልጠብቅም። ጠይቄ፣ ወዲያው ጥያቄውን በሌላ ቃል ደግሜ፣ ከዚያ መልሱን ራሴ ሰጥቼ አልፋለሁ። ሜሪ በድ ሮው የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ ይሄንኑ አግኝታዋለች። በ1974 እንዳሳተመችው፣ አስተማሪዎች ከጥያቄ በኋላ የሚጠብቁት በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ነው። ወደ 3 ሰከንድ ሲያደርሱት መልሱ ይረዝማል፣ ዝም የሚሉትም መናገር ይጀምራሉ። እሷ ያየችው የሕፃናት የሳይንስ ክፍሎችን ነው። ጥያቄውን ወደ አፍ መፍቻው መልሶ፣ መልሱን አስቦ፣ ወደ እንግሊዝኛ አዙሮ ለሚያወጣው የ50 ዓመት ሰው ስንት ሰከንድ ይበቃዋል? እኔ እስከ ስምንት ቆጠርኩ። ክፍል ውስጥ ስምንት ሰከንድ ዝም ማለት ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ ሞክሪውና ንገሪኝ። ለአራት ወር «የስ» እና «ኖ» ብቻ ይለኝ የነበረ ሰው በሦስተኛው ቀን ሙሉ ዓረፍተ ነገር አወጣ። ሌላ ተማሪ ደግሞ ዝምታው ስለከበደው ከጎኑ ካለው ጋር ወሬ ጀመረ። ለሁሉም አልሠራም። ያንንም ጻፍኩት።

መጠይቁን የሚተካ ሌላም መንገድ አለ፣ ጽሑፍ ለሚችሉት። ተመራማሪዋ ቦኒ ኖርተን ካናዳ ውስጥ በ1990ዎቹ መጀመሪያ አምስት ስደተኛ ሴቶችን በማስታወሻ ደብተርና በቃለ መጠይቅ ተከታትላለች። ማርቲና ብላ የሰየመቻት ሴት በአገሯ ቀያሽ ነበረች። በአዲሱ አገር ፈጣን ምግብ ቤት ስትሠራ፣ አብረዋት ያሉት ልጆች ሥራውን ሁሉ እሷ ላይ እየጣሉ እንደ መጥረጊያ እንደሚቆጥሯት ገለጸች። ኋላ ላይ በልጆቿ ዕድሜ ያሉ መሆናቸውን አስባ እንደ እናት ተናገረቻቸው፤ ያን ጊዜ አፏ ተፈታ። ሰዋስው ብቻ እያረመ የሚመለስ አስተማሪ ይሄን በምን ያውቀዋል?

አሁን የማትወጂውን ልንገርሽ። በሰዓት የምትከፈለዋ አስተማሪ የጠየቀችሽን ጥያቄ ጻፍሽልኝ፤ የመለስሽላትን ግን አልጻፍሽልኝም። ምናልባት አልመለስሽላትም። ጥያቄዋ ሰበብ አይደለም። «በትርፍ ጊዜሽ» የሚባል ነገር የላትም፤ ትርፍ ጊዜዋ ሌላ ማዕከል ውስጥ ሌላ ክፍል ማስተማር ነው። በነፃ እንድትሠራው ከሆነ የምትፈልጊው፣ ማበረታታት ሳይሆን መበዝበዝ ይሆናል። ስለዚህ ወደ አለቃሽ ሂጂ። ስምንቱንም አትጠይቂ። ለሁለት አስተማሪ፣ በሳምንት አንድ የሚከፈል ሰዓት፣ ለ10 ሳምንት። 20 ሰዓት ነው። በማዕከላችሁ የሰዓት ክፍያ አባዢውና ቁጥሩን በአንዲት ወረቀት ይዘሽ ግቢ። እምቢ ካሉሽ ደግሞ ካለው ላይ ቀንሺ። የሆነ ሪፖርት ይቅር፣ አንድ የስብሰባ ሰዓት ለዚህ ይሁን። ያም ካልተቻለ ለጊዜው አትጠይቂያቸው። እውነቱን ነግረሻቸው ቀኑን ብትጠብቂ ይሻላል።

ሌላው ብቸኝነት ነው። አውስትራሊያ ለጎልማሳ ስደተኞች እንግሊዝኛ የሚያስተምረውን ብሔራዊ ፕሮግራሟን የጀመረችው በ1948 ነው። በ1990ዎቹ እዚያ የሚያስተምሩ ሰዎች ከአን በርንስና ከሌሎች ተመራማሪዎች ጋር በቡድን እየሆኑ የገዛ ክፍላቸውን አጥንተዋል። ከዚያ ታሪክ እኔ የምወስደው ማንም ለብቻው እንዳልተተወ ነው። የሚገናኙበት ቀን ነበራቸው፣ የሚጠይቁት ሰው ነበራቸው። አንቺም ሁለት ሁለት አድርጊያቸው። አንዷ ስታስተምር ሌላዋ ከኋላ ተቀምጣ ትቁጠርላት። አቅራቢያሽ ዩኒቨርሲቲ ካለ አንድ ሰው ጋብዢ፤ ግን ጥያቄውን ይዞ እንዳይመጣ ቀድመሽ ንገሪው። ጥያቄው የአስተማሪዋ ነው።

አለቃሽ ሐሳቡን እንደወደዱት ስትጽፊልኝ ደግሞ ትንሽ ፈራሁ። ለምን ወደዱት? በአንድ ወቅት አብራኝ የምትሠራ አስተማሪ ክፍሏ ውስጥ ያልተሳካላትን በሐቀኝነት ጻፈች። ከስድስት ወር በኋላ ያው ጽሑፍ የሥራ ግምገማዋ ላይ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ አገኘችው። ከዚያ በኋላ በዚያ ቤት የተሠራ ጥናት ሁሉ «ዘዴው እጅግ ውጤታማ ሆኖ ተገኝቷል» የሚል ነበር። አለቃሽን አስቀድመሽ አስምያቸው፤ የአስተማሪዎቹ ማስታወሻ ግምገማ ውስጥ አይገባም። በጽሑፍ ቢሆን ይመረጣል። «አልሠራም» የሚል ውጤት ስብሰባ ላይ ሲነገር ማንም ፊቱን እንዳያጠቁር አንቺ ቀድመሽ የራስሽን ያልሠራ ነገር ተናገሪ። ማስተማር ካቆምሽ ቆይተሽ ከሆነ፣ የማስተባበር ሥራሽ ላይ ጥያቄ አንሺ። ለምሳሌ፣ ባለ 30 ገጽ ጽሑፍ አድዬ ለምን ማንም አላነበበውም?

ስለ ተማሪዎቹ ፈቃድ ደብዳቤሽ ውስጥ አንድም ቃል የለም። እዚህ ላይ ዘግየት ልበል፤ የእኛ ተማሪዎች እንደማንኛውም ተማሪ አይደሉም።

ሕይወታቸው በወረቀት የተንጠለጠለ ሰዎች ናቸው። ፎርም ሰጥተሽ «እዚህ ጋ ፈርሙ» ስትዪ አንቺ የምታዪው ጥናት ነው። እነሱ የሚያዩት ጉዳያቸውን የያዘውን መሥሪያ ቤት ነው። «ይሄ የት ነው የሚሄደው?» ብሎ የማይጠይቅ ሰው ፈርቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በሚገባቸው ቋንቋ፣ በቃል፣ ሳይቸኩሉ ይነገራቸው። የመኖሪያ ፈቃዳቸውን እንደማይነካ፣ እምቢ ቢሉ ምንም እንደማይቀርባቸው፣ መሀል ላይ ቢተዉትም እንደሚችሉ። ፈቃዱን የምትጠይቀው ደግሞ መገኘታቸውን የምትመዘግበው አስተማሪ ባትሆን ደስ ይለኛል። ስም ጠሪዋን እምቢ ማለት ይከብዳል። አስተርጓሚ ስታመጪም አስቢበት። ትንሽ ማኅበረሰብ ውስጥ አስተርጓሚው የአጎት ልጅ ወይም የቤት አከራይ ሊሆን ይችላል። ማን ቢያስተረጉምላቸው እንደሚመርጡ ራሳቸውን ጠይቂ።

ስም መቀየር ብቻውን አይሸሽግም። 12 ሰው ባለበት ክፍል ውስጥ «የ50 ዓመት ልብስ ሰፊ፣ ከዚህ አገር የመጣች» ብለሽ ከጻፍሽ ሁሉም ያውቃታል። ከተቻለ የራስን ድምፅ እንጂ የእነሱን አለመቅዳት፣ ከቀዱም የሚጠፋበትን ቀን መናገር። አንድ ነገር ደግሞ በፍጹም፦ «እንዴት ወደዚህ መጣችሁ?» የሚለው ጥያቄ ለጥናት ይቅር። ያንን ጥያቄ ከዚህ በፊት ባለሥልጣን ጠይቋቸዋል፣ መልሳቸው ተመዝኗል። የመንገዱን ነገር ራሳቸው ሊያወሩት ከፈለጉ ያወሩታል። ውጤቱን ከማዕከሉ ውጪ ማሳተም ካሰባችሁ ወይም ዩኒቨርሲቲ ካለበት፣ የሥነ ምግባር ፈቃድ የሚሰጠው አካል ጋ የምትሄጂው ሥራው ሳይጀመር ነው።

ማሳተሙ ግን የግድ አይደለም። እንግሊዛዊው የትምህርት ሊቅ ሎረንስ ስቴንሃውስ ጥናትን የገለጸው ሥርዓት ያለው፣ ለሌሎችም የተገለጠ ጥየቃ ነው ብሎ ነው። «ለሌሎች የተገለጠ» ለእናንተ ሻይ ሰዓት ላይ አስር ደቂቃ ሊሆን ይችላል። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ አንድ ገጽ ሊሆን ይችላል። (ግድግዳው ለዚህ ይሁን እንግዲህ።) መጀመሪያ መስማት ያለባቸው ግን ተማሪዎቹ ናቸው። «እኔ ቶሎ ቶሎ እንደማወራባችሁ አየሁ፤ ከዛሬ ጀምሮ እጠብቃችኋለሁ» ያልኳቸው ቀን ክፍሉ ሁሉ ሳቀብኝ። ሁሉም ያውቁ ነበር፤ እኔ ብቻ ነበርኩ የማላውቀው።

ጠና ያሉትን አስተማሪ አትተዪያቸው። ግን ጥናት እንዲሠሩ አትለምኛቸው። አንድ ቀን ጎናቸው ተቀመጪና «እርስዎ ይሄን ሁሉ ዓመት አስተምረው እስከ ዛሬ ያልገባዎት ነገር ምንድነው?» በያቸው። ከዚያ ዝም በይ። ስምንት ሰከንድ ቁጠሪ። እንዲህ ዓይነት ሰዎች ከዚህ በፊት ብዙ ፕሮጀክት ሲመጣና ሲሄድ ያዩ ናቸው፤ ጥርጣሬያቸው ከሜዳ የመጣ አይደለም። አንድ አስተማሪ ያገኘችው ነገር በእርግጥ አንድ ነገር ሲቀይር ካዩ፣ ለምሳሌ ወንበር ሲዞር፣ የመማሪያ ሰዓት ሲሸጋሸግ፣ ቅጽ ሲቀንስ፣ ያን ጊዜ ምናልባት ይመጣሉ። ባይመጡም የሁለቱን አስተማሪዎች ማስታወሻ አንብበው «ይሄ ስህተት ነው» የሚሉሽ ሰው ያስፈልጉሻል።

ሰኞ ስትገቢ እንግዲህ ወደ ጀማሪዎቹ አስተማሪ ሂጂ። ስለ ጥናት አታንሺባት። «ያቺ ሴትዮ እንዴት ሆነች?» ብቻ በያት፤ የሚከፈልበትን አንድ ሰዓት ካገኘሽላት ደግሞ እሱንም ንገሪያት። የሴትዮዋ ነገር እኔንም ይዞኛል። መነጽሩ ነው ብዬ እወራረዳለሁ፤ ተሳስቼ ከሆነ ጻፊልኝ።